የአሥራ ሰባተኛው ሰው መልስ

ሐሙስ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ከሚሴ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ሠላሳ ሰዎችን ፍለጋ ነው። ባለፈው ምርጫ ዋዜማ፣ ጨፋ ሸለቆ ውስጥ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ ሠላሳ ገበሬዎችን ማንን እንደሚመርጡና ለምን እንደሚመርጡ ጠይቄ ነበር። አሁን ሌላ ምርጫ እየመጣ ስለሆነ እነዚያኑ ሰዎች አግኝቼ ያንኑ ጥያቄ መድገም አለብኝ። መራጭ ሐሳቡን የሚለውጠው ለምንድን ነው የሚለው የዶክትሬት ጥናቴ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በሌላ ሰው መተካት አይቻልም። አማካሪዬ ሲሸኙኝ «ሃያውን ካገኘህ እግዜር ይወድሃል» አሉኝ። የእግዜርን አላውቅም፤ ሚስቴ ግን ጥናቱ ዘንድሮ ካላለቀ እንደማትወደኝ ነግራኛለች።

ከሠላሳው ውስጥ በልቤ የያዝኩት አንዱን ነበር፤ ቁጥር አሥራ ሰባትን። እዚህ ሐሰን እለዋለሁ። እኩያዬ ነው። ሌሎቹ በአምስት በስድስት ቃል ሲገላግሉኝ እሱ ማሽላው መሃል ከወፍ መጠበቂያው ማማ ሥር አስቀምጦኝ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራኝ። የሚመርጠውን ፓርቲ ምልክት በጣቱ አፈር ላይ ሥሎ አሳየኝ። ስንለያይ «ይህን የሚያውቅ ማነው?» አለኝ። «እኔና አንተ» አልኩት። «እንግዲያው አማና ነው» አለ። አማና አደራ ነው፤ በነሱ ዘንድ ሰው የሰጠህን አማና በላህ ማለት ሰውየውን በላኸው እንደማለት ነው። በጥናቴ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ «የመላሾች ምስጢር ሙሉ በሙሉ የተጠበቀ ነው» ብዬ የጻፍኩት እሱን እያሰብኩ ነበር።

አውቶቡሱ ከመናኸሪያ የወጣው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ትኬቱ ዘጠኝ መቶ ብር። ሻንጣዬ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ሠላሳዎቹን የድሮ መጠይቆችና አዲሶቹን የያዘውን ሰማያዊ ፎልደር ግን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ጣርማበር ዋሻው ውስጥ በጉም ገብተን በጉም ወጣን፤ ደብረ ሲና ወርደን ቆሎ ገዛን፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ኮቱም ሹራቡም ወለቀ፣ ሸሚዙ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ቆሏቸውን መዳፌ ላይ እያፈሰሱ ስለ ልጃቸው ሠርግ ያጫውቱኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አውቶቡሱ ዝም አለ። እዚያ አካባቢ ሲደርስ ሁሌም ዝም ይላል። በመንገዱ ዳር ጣሪያ የሌላቸው ግድግዳዎች ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ውስጥ ጉሎ በቅሏል። ማን አቃጠለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም የራሱን መልስ ይዞ በመስኮት ያያል።

አንድ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ወታደሩ ፎልደሩን ገልጦ «ምንድነው?» አለኝ።

«ጥናት ነው።»

«የምን ጥናት?»

«የምርጫ።»

ከእግር እስከ ራስ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያዘነልኝ ይመስለኛል። «ሌላ ጥናት አጣህ?» ብሎ ፎልደሩን መለሰልኝ። ወደ መቀመጫዬ ስመለስ እናትየው ቆሏቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር። እስከ ከሚሴ አንድ ቃል አልጨመሩም። የልጃቸው ሠርግ ምን ላይ እንደደረሰ ሳላውቅ ቀረሁ።

ከሚሴ ዘጠኝ ሰዓት ገባን። ባጃጁ፣ አቧራው፣ የአስር አዛን፣ ሙቀቱ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ክፍል በስድስት መቶ ብር ይዤ፣ ሩዝ በሥጋ በልቼ፣ ለነገው ደብዳቤዬን አዘጋጀሁ።

ዓርብ፣ የደብዳቤ ቀን

አገራችን ውስጥ ሰው ለመጠየቅ መጀመሪያ ወረቀት ይጠየቃል። ዩኒቨርሲቲው ለዞን ይጽፋል፣ ዞን ለወረዳ ይመራል፣ ወረዳ ለቀበሌ ይመራል፤ በየደረጃው ደብዳቤው ጥግ ላይ «ይመራ» ተብሎ ይፈረማል። ዓርብ ስለሆነ ከጁምዓ በፊት ካልጨረስኩ እስከ ሰኞ መቀመጤ ነው። ሮጥኩ። አራተኛው ቢሮ ውስጥ ያገኘሁት ሰው ትሑት ነበር። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ፣ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«የሚጠየቁትን ሰዎች ስም ዝርዝር አላያያዝክም» አለ።

የምስጢር ጉዳይ መሆኑን ላስረዳው አፌን ስከፍት እሱ ራሱ ቀደመኝ። «አብሽር፣ አትቸገር። ያለፈው ጊዜ ዝርዝር ፋይል ውስጥ አለ። እሱንኑ እናያይዘዋለን።»

ሊረዳኝ ብሎ ነው። እኔ ግን ሻዩን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ያኔ ዝርዝር የሰጠሁት ለማንም አልነበረም። ሳላስታውስ ሰጥቼ ይሆናል፣ ደግሞስ የስም ዝርዝር ብቻውን ምን ያደርጋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ራስን ማጽናናት ላይ ጎበዝ ነኝ።

ምሳ ላይ ራውዳን አገኘኋት። የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ዜጋ መምህርት ናት፤ በመጀመሪያው ዙር ኦሮምኛውን የተረጎመችልኝ እሷ ናት። ሰላምታችን እንዳለቀ ስለ ሐሰን ጠየቅኋት።

«ሐሰን ቀበሌው የለም።»

«የት ሄደ?»

«ነገ ሼህ ዑመርን ጠይቃቸው» አለች። «እኔ ካወራሁ ተርጓሚነቴ ቀርቶ ወሬኛ እሆናለሁ።»

ተማሪዎቿን ስለ ምርጫ ምን እንደምታስተምራቸው ስጠይቃት እጇን በሶፍት እየጠረገች «መጽሐፉ ላይ ያለውን» አለች። «ድምፅ ምስጢር ነው ይላል። ፈተና ላይም ይወጣል።»

ቅዳሜ፣ ጨፋ

ከራውዳ ጋር በባጃጅ ወደ ሸለቆው ወረድን። ማሽላው ራሱን ደፍቶ ቆሟል፤ ማማዎቹ ላይ ወንጭፍ የያዙ ሰዎች ወፍ ያባርራሉ። ከቦርከና ወንዝ ማዶ፣ ረግረጉ ዳር፣ ከቆላ የወጡ የአፋር ግመሎች ተሰማርተዋል። አገሩ ሲያዩት ጥጋብ ነው። መሬቱ ላይ ቅር የሚያሰኝ ነገር የለም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ያን ቀን የባሰ የከፋኝ።

ሼህ ዑመር በራቸው ላይ ካለው ዋርካ ሥር ጠበቁን። የአካባቢው ሰው አባጋር ይላቸዋል፤ ሰው ከሰው፣ ጎሳ ከጎሳ ሲጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። «አካም ቡልቴ ልጄ? ነጋ ነው? ቤትህ ሰላም? አዲስ አባ ሰላም? አልሐምዱሊላህ» እያሉ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በተቀላቀለበት ሰላምታ፣ እጄን ይዘው ቆዩ። የማሽላ እንጀራ በእርጎ ቀረበልን። ከዚያ ሰዎቹ አንድ በአንድ መጡ። ከተጠሩት ማንም አልጎደለም፣ ማንም አላረፈደም። በሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ቁጥር አንድ ተቀመጠ። «በሚመጣው ምርጫ ለማን ይመርጣሉ?» አልኩት።

«ለአገር የሚበጀውን እመርጣለሁ። ኸይሩን አላህ ያውቃል።»

ጻፍኩ፤ ኸይር መልካሙ ነገር ነው። ቁጥር ሁለት መጣ። «ለአገር የሚበጀውን እመርጣለሁ። ኸይሩን አላህ ያውቃል።» ቁጥር ሦስት፣ ያው። ቁጥር አራት በኦሮምኛ ተናገረና ራውዳ ስትተረጉመው ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ እሷም መተርጎም ትታ «ያው ነው» ትለኝ ጀመር። «በጣም እስማማለሁ» እና «በመጠኑ እስማማለሁ» የሚለው ክፍል ላይ ስንደርስ አንዱ አዛውንት «ስምምነት እዚህ አንድ ዓይነት ነው፤ እናንተ ዘንድ አምስት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። አሥራ አንደኛው ሰው ሲነሳ ፎልደሩን ዘጋሁና ወደ ሼህ ዑመር ዞርኩ።

«ሼህ፣ ሁሉም አንድ ቃል ነው የሚመልሱልኝ።»

«አዎን» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። «ትመጣለህ ሲባል ጊዜ ዱአ ላይ ተቀምጠን ተማከርን። አንድ አድርገን አቆየንልህ። አንተም እንዳትደክም፣ እኛም እንዳንቸገር።»

«ሠላሳውም?»

«ሁለቱ ሞተዋል፣ አላህ ይዘንላቸው። የነሱንም ያንኑ ጻፍ። አይቃወሙም።»

ምላሳቸውን ለእንግዳ እንደሚያነጥፉት ምንጣፍ አሰናድተው ነው የጠበቁኝ። «ለምን ግን?» አልኩ። «ያኔ እኮ እያንዳንዱ የራሱን ነግሮኝ ነበር።»

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ያኔ ሐሰን ብቻውን ተናገረ። ብቻውን ወደቀ። ብቻውን የተናገረ ብቻውን ይወሰዳል፤ ሁሉ አንድ ቃል ካለ ግን ማን ይወሰዳል?»

እየቆራረጡ ነገሩኝ። ሐሰንን ያሰረው የለም፣ የመታውም የለም። ማዳበሪያ ሲመጣ ግን ስሙ ከቀበሌው ዝርዝር ይጠፋል። ሲጠይቅ «ስምህን ያየነው ሌላ ዝርዝር ላይ ነው» ብለው ይስቁበታል። ማዳበሪያው የሚደርሰው ከዘሩ በኋላ ነው። አንድ ክረምት እንዲህ ሄደ፣ ሁለተኛውም። በሬዎቹን ሸጠ።

«ደቦ ጠራ» አሉ ሼህ ዑመር፣ «በጥንድ በሬ የሚያርስለት ሰው ፈልጎ። ሚስቱ ድፎ ጋግራ ጠበቀች። የሄደለት የለም። ፈራን። እኔም በሬ ነበረኝ፤ አልሄድኩም።» ድምፃቸው አልተለወጠም። «አባጋር ነኝ፣ ሰው አስታርቃለሁ። ያን ቀን ግን ቤቴ ውስጥ ተኝቼ ዋልኩ።»

«የተናገረውን ማን አወቀው?»

«አንተ ካላወቅክ ማን ያውቃል ልጄ? ቃል በቃል ነው የደገሙለት። አፈር ላይ ምልክት መሣሉን ሳይቀር።»

ያኔ ሁሉም ገባኝ። ማማው ሥር ከእኔና ከሐሰን በቀር ማንም አልነበረም፤ አማርኛው እንደ እኔው ነውና ራውዳ እንኳ ሌላ ማሳ ላይ ነበረች። «ምልክቱን በጣቱ አፈር ላይ ሣለ» ብዬ መጠይቁ ኅዳግ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻው ቀን ዝናብ ነበር፤ ቦርከና ሞልቶ መንገዱ ጭቃ ሆነ። ወረቀቱ እንዳይርስብኝ ፎልደሩን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ፣ ባዶ እጄን ከሚሴ ገብቼ፣ በማግስቱ ምሳ ሰዓት መጥቼ ወሰድኩት። ቁልፉን የያዘውን ሰው አመስግኜዋለሁ። መጠይቆቹ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ በዚህ እኮራ ነበር። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር ግን እዚያው ከኋላ በአግራፍ ተያይዞ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን የሚለቅመው ሌላ ሰው ሆነ።

ይህን ሁሉ ለሼህ ዑመር ነገርኳቸው። ራውዳ ወደ መሬት እያየች ሰማች። ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን አነሱና «ሐሰን ባቲ ነው። ሰኞ ገበያ አይጠፋም» አሉ።

እሁድ

ከክፍሌ አልወጣሁም። ፎልደሩን ገልጬ የአግራፉን ዝገት ምልክት ሳይ ዋልኩ። ራውዳ ደውላ «ወደ ቤትህ ግባ፣ ከዚህ በኋላ የምትሰበስበው ምን አለ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጥናቱ ሞቷል። ግን በሰው አማና ላይ ተቀምጬ አውቶቡስ መሳፈር አቃተኝ።

ሰኞ፣ ባቲ

በሚኒባስ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በሌላ ሚኒባስ ወደ ባቲ ወረድኩ። ቁልቁለቱ እያለቀ ሲሄድ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ገበያው ከአራት ሰዓት ጀምሮ ሞልቶ ነበር። ግመሉ በአንድ ወገን፣ ፍየሉ በሌላ፤ አፋሮቹ ጊሌ የሚሉትን ጩቤ ታጥቀው፣ ደገኞቹ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ዋጋውን በጨርቅ ሥር በጣት ይነጋገራሉ። ሻጭና ገዢ ጣት ለጣት ተያይዘው የተስማሙበትን ሦስተኛ ሰው አያየውም። ቆሜ ሳየው ቀናሁባቸው። እነዚህ ሰዎች የአንድ ፍየል ዋጋ ከእኔ የተሻለ ይደብቃሉ።

ሐሰንን ያገኘሁት ፍየል ተራ ነው። ሻጮች ሊሰግዱ ወይም ሊበሉ ሲሄዱ ከብታቸውን ይጠብቅላቸዋል፤ ሁለት እጁ በገመድ ተሞልቷል። ከስቷል። አየኝ፣ አወቀኝ፣ ገመዶቹን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ በቀኙ ጨበጠኝ።

«መምህር፣ ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና?»

ስለ ፎልደሩ፣ ስለ ቁም ሣጥኑ፣ ስለ ዝርዝሩ ሁሉንም ነገርኩት። ስጨርስ «አፉ በለኝ» አልኩት፤ እነሱ ይቅር በለኝ የሚሉት እንዲህ ነው።

«አፉ ብያለሁ» አለ። ለሰላምታ መልስ እንደሚሰጥ ፈጥኖ ነው ያለው። «ተቆጥቼብህ ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ተቆጣሁብህ። ከዚያ ሥራ በዛብኝ።» አንዱን ፍየል ወደ ጥላው ሳበው። «ወረቀቱ አለ?»

አወጣሁለት። ማንበብ ስለማይችል አንብብልኝ አለኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ የፍየሉ ጩኸት እየሸፈነኝ፣ አነበብኩለት፦

«የምመርጠው ይህን ፓርቲ ነው። ያሸንፋል ብዬ አይደለም። ሹም ወደኛ ሲመጣ ቆሞ ተናግሮ ነው የሚሄደው። ከኛ መሃል ጥቂት ሰው እንኳ ሌላ መርጧል ቢባል፣ በሌላ ጊዜ ሲመጣ ተቀምጦ ያነጋግረናል። ድምፅ ማለት ሹምን ማስቀመጫ ነው። ሌላ ጥቅም ያለው አይመስለኝም፤ ይህም ግን አይናቅም።»

አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። «ጥሩ ተናግሯል ሰውየው» አለ።

ወረቀቱን ወደ ፎልደሩ ልመልሰው ስል «የዘንድሮውን አትጠይቀኝም?» አለ።

«አያስፈልግም ሐሰን።»

«ጠይቀኝ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥተህ ባዶ እጅህን አትመለስ።»

«በሚመጣው ምርጫ ለማን ትመርጣለህ?»

ቀና ብሎ ቆመ። «ለአገር የሚበጀውን እመርጣለሁ። ኸይሩን አላህ ያውቃል።»

ዱአው ላይ አልነበረም፤ ቀበሌውን ከለቀቀ ቆይቷል። እንዴት እንዳወቀው ስጠይቀው «ሼህ ዑመር ባለፈው ገበያ በሰው ላኩብኝ» አለ። «ከመሃላቸው አንዱ አድርገው ይቆጥሩኛል ማለት ነው።» ሲለው ደስታም ነበረበት፤ ያ ደስታው ከሁሉም የባሰ አመመኝ። ከዚያ ቀኝ እጁን ዘረጋ። «በል አማናዬን መልስልኝ።»

ወረቀቱን ሰጠሁት። አራት ቦታ አጥፎ ከኮፍያው ሥር አደረገውና ባለቤቱ ሊመጣ ነው ብሎ ወደ ፍየሎቹ ዞረ።

ማክሰኞና ከዚያ ወዲህ

ከኮምቦልቻ ተሳፍሬ ማታ አንድ ሰዓት አዲስ አበባ ገባሁ። ኬላው ላይ የምን ጥናት እንደሆነ ስጠየቅ «የማሽላ» አልኩ። ማንም ፊቱን አላዞረብኝም፤ አጠገቤ የነበረው ሰው እንዲያውም ስለ ተምች አማከረኝ።

አማካሪዬ የሆነውን ሁሉ ሰምተው አዘኑ፣ ቀጥለውም መነጽራቸውን አወለቁ። ሰዎች ፈርተው የሚሰጡት መልስ በሙያው የታወቀ ስም እንዳለው ነገሩኝ። «ይህ ራሱ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል» አሉ። ሊያጽናኑኝ ነው፤ እውነትም ይወጣዋል። የሐሰን በሬዎች፣ የሚስቱ ድፎ፣ ማንም ያልመጣበት ደቦ፣ አንድ ምዕራፍ ይወጣቸዋል፤ እኔም ዶክተር እባላለሁ።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝን ጻፍ ብባል የምጽፈው አጭር ነው። መራጭ ሐሳቡን ለምን ይለውጣል ብዬ ነበር የወጣሁት። ሐሰን ሐሳቡን አልለወጠም፤ አራት ቦታ አጥፎ ከኮፍያው ሥር ይዞታል። የተለወጠው አምኖ የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነው፤ ያሳጣሁትም እኔ ነኝ። ከሦስተኛው ምዕራፍ «የመላሾች ምስጢር ሙሉ በሙሉ የተጠበቀ ነው» የሚለውን አጥፍቻለሁ። በቦታው የሚገባውን ዓረፍተ ነገር ስጀምር ስተው ሳምንት ሆነኝ።

ትናንት ጠዋት ደግሞ በራችን ተንኳኳ። የሠፈራችን ሰው ነው፤ ደብተር ይዞ መራጮች እንዲመዘገቡ በየቤቱ ይቀሰቅሳል። መልካም ሰው ነው፤ ለልቅሶም ለሠርግም አይጠፋም። ስሜን ጽፎ እስክሪብቶውን ኪሱ እየከተተ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል «ለመሆኑ ዘንድሮ ማንን ሊመርጡ ነው መምህር?» አለኝ።

«ለአገር የሚበጀውን» አልኩት።

ሚስቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ። ማንን እንደምመርጥ ታውቃለች።